በየፎቶው የሚቀርቡት ሽማግሌ

መካነ ሰላም ውስጥ ሰርግ ላይ ያልነበረን ሰው እንደነበረ አድርጎ የሚያሳይ ሰው ካለ ሐረግ ናት። የሙሽራዋ እህት ኩዌት፣ አክስቷ ቤይሩት ከሆኑ፣ ሐረግ ፎቷቸውን በስልክ ታስልካለች፤ ዙሪያቸውን ቀስ ብላ ትቆርጥና ሚዜዎቹ መሃል ታቆማቸዋለች። ጊዜ ከተረፋት መሬቱ ላይ ጥላ ሁሉ ትሠራላቸዋለች። ቪዲዮው ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ ባለ ፎቶዎቹ ባልሄዱበት ሰርግ ላይ ራሳቸውን አይተው ያለቅሳሉ። ሐረግ አታለቅስም፣ ሥራዋ ነዋ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት ቤይሩት የሰው ቤት አገልግላለች። ስትመለስ ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ ሲያወርድ እሷ ያወረደችው አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ ዘመድ አዝማዱም ምን ነክቷት ነው አለ። ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ በሩ ላይ "ሐረግ ፎቶና ቪዲዮ" ብላ አስጻፈች። ኤዲቲንጉን ያስተማራት የለም፤ ኮምፒውተሩን እየተሳደበች ለመደችው። ምላሷ ትንሽ ሹል ነው። "ቶሎ አድርሺልኝ" ለሚላት ደንበኛ "እኔ ፈጣን ነኝ፣ መብራቱን ግን አንተው ለምነው" ትላለች። ሰው ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ተመልሶ ግን ወደ እሷው ይመጣል። ፈሪ ናት ብሎ የሚያማት እስከ አምና ሐምሌ ድረስ አልነበረም።

አምና ሐምሌ ሲገባ፣ ጉሙ ከጠዋት እስከ ቀትር ከከተማዋ በማይነሳበት ሰሞን፣ ረመዳን የሚባል ሰው አንድ ፍላሽ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ረመዳን አቀስታ ላይ እህል የሚነግድ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ታናሽ እህቱ ኢልሀም ጂዳ ሆና እዚህ መካነ ሰላም ቤት አሠርታለች።

"ከኅዳር እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው የተሠራው" አላት። "ፊት ለፊት ካለው የጎረቤት ቤት የጀርባ ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ስልክ ቀዳዳ ባላት የቆርቆሮ ሳጥን አድርገን ቸነከርን። ከጠዋት እስከ ማታ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ፎቶ ያነሳል። እኔ በየወሩ እየመጣሁ ወደ ፍላሽ እገለብጠዋለሁ። ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ ነው።"

"ኢልሀምስ እዚያው ሆና ታየው ነበር?"

"ኧረ በምን አይታ! ስልኩ ኢንተርኔት የለውም።" ፈገግ ብሎ አቀረቀረ። "ሥራውን የሚጠብቀው አባባ ነበር። እንዳይሰላች ብዬ 'ኢልሀም በዚች ቀዳዳ ታይሃለች፣ ተጠንቅቀህ ጠብቅ' አልኩት። ቀልዴን ነው። አላህ ይዘንለትና በመጋቢት አረፈ።"

ኢልሀም የፈለገችው ቤቷ ከመሬት ተነስቶ ቆርቆሮ እስኪለብስ ያለውን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ማየት ነው። ሐምሌ አሥራ ስምንት ለቤቱ ዱዓ ይደረጋል፤ ቪዲዮው ለተጠራው ሰው በትልቅ ቴሌቪዥን ይታያል። ሐረግ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም። አላውቅም ማለት ግን ከአፏ አልወጣ አላትና "አብሽር፣ ይደርሳል" አለችው።

መጀመሪያ ፎቶዎቹን እንደ ሰርግ ፎቶ አስገባቻቸው፣ ሁሉንም መርጣ በአንድ ጊዜ ጎትታ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፎቶ አምስት አምስት ሰከንድ አቆመው። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ቆይቶ አሥራ አንድ ሰዓት ከምናምን የሚፈጅ ፊልም አሳያትና ቀጥ አለ። ተሳደበች፤ አልሰማትም። በመጨረሻ ኮሌጅ ኮምፒውተር ለሚያስተምረው ለባህሩ ደወለች።

"አንቺ ልጅ፣ ስምንት ሺህ ፎቶ ለየብቻው ነው የምታስገቢው?" ብሎ ሳቀባት ባህሩ። "የመጀመሪያውን ፎቶ ብቻ ምረጪ። ከሥሩ 'ተከታታይ ፎቶ' የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፣ እሱ ላይ ምልክት አድርጊ። የቀሩትን ፕሮግራሙ ራሱ በስማቸው እየተከተለ እንደ አንድ ፊልም ያነባቸዋል። ሃያ አምስቱ ፎቶ አንድ ሰከንድ ይሆናል።"

እንዳላት አደረገች። እውነትም ስምንቱ ሺህ ፎቶ በአንድ ትንፋሽ ገባ፤ አምስት ደቂቃ ከሃያ ስምንት ሰከንድ ሆነ። ደስ ብሏት ማጫወቻውን ተጫነች።

ቤቱ መነሳቱን ይነሳል፤ ግን ደህና አልነበረም። ብሎኬቱ ተደርድሮ ወገብ ሲደርስ በመሃል ባዶው መሬት ብልጭ ይላል፣ ግድግዳው ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይጠፋል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሦስቴ። ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ቢሆንም እየተንዘፈዘፈ አደገ፣ በርና መስኮት ገባለት፣ ቆርቆሮ ለበሰ፣ አለቀ። ሐረግ እፎይ ልትል ስትል ያለቀው ቤት በአንዴ ጠፋ። በቦታው የተቆፈረ መሠረት ብቻ ቀረ። ሰባት ሰከንድ ያህል ባዶው ጉድጓድ ታየ፣ ከዚያ ፊልሙ የመጨረሻው ፎቶ ላይ ቆመ።

ከጉድጓዱ ማዶ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በጊቢው ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ቀጥታ ወደ እሷ ይመለከታሉ።

ቀኑ ገና ስድስት ሰዓት አልሞላም ነበር፤ መስኮቱ ግን በጉም ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል። ሐረግ ሬዲዮውን ከፈተች። ሥራ ጠባቂው ናቸው፣ የረመዳን አባት ናቸው፣ በሕይወት ሳሉ የተነሳ ነው ብላ ለራሷ አስረዳች። ታዲያ ቤቱ ካለቀ በኋላ ምን ሊያደርጉ መጡ? እሳቸው እኮ በመጋቢት ሞተዋል፣ ቤቱ ያለቀው በሚያዝያ ነው።

ባህሩ በስልክ ነገሩን ቀለል አድርጎ ፈታው። ፎቶዎቹ ስማቸው 1፣ 2፣ 3 እያለ ነው የሚሄደው። ፕሮግራሙ ደግሞ ስማቸውን እንደ ፊደል እንጂ እንደ ቁጥር አያነብም። ለእሱ ከ1 ቀጥሎ 10፣ ከ10 ቀጥሎ 100 ነው፤ 2 ተራዋ የሚደርሰው በአንድ የሚጀምሩት ሁሉ ካለቁ ነው። በዚህ አቆጣጠር የሁሉም መጨረሻ 999 ትሆናለች፣ እሷ ደግሞ የኅዳር ፎቶ ናት። "ከፊታቸው ዜሮ ጨምሪላቸው፤ 00001 በያቸው፣ ሁሉም እኩል ይሁኑ" አለና ስም የሚቀይር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ላከላት። ሐረግ በራሷ ፈገግ አለች። ፎልደሩን ለፕሮግራሟ ሰጠቻት፣ እሷም ስሞቹን ሁሉ አስተካከለች።

አሁን ቤቱ እንደ ወጉ ተነሳ። መንዘፍዘፉ ቀረ። ግን አንድ ነገር አልቀረም፤ በየሁለት ሰከንዱ ከስክሪኑ በስተግራ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዓይን ሊይዘው አይችልም፣ ዓይን ግን ያውቀዋል። ከአራተኛው ደቂቃ በኋላ ብልጭታው ይቆማል፤ በእሱ ፈንታ አንዲት ነጣ ያለች ጉድፍ በግራ በኩል ትመጣና እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ትቆያለች። የሌንሱ ቆሻሻ ናት፣ ጠል ይሆናል አለች ሐረግ።

ለኢልሀም የመጨረሻዋን አንድ ደቂቃ ላከችላት፣ ያለቀ ቤቷን ትይ ብላ። ኢልሀም ወዲያው ደወለች።

"ማሻአላህ፣ ቤቴ ነው? ወላሂ የኔ ነው?" አለች። ቀጥላ ደግሞ "ያቺ በግራ በኩል ያለችው ጉድፍ ግን ምንድን ናት? አጥፊልኝ ሐረግ። የለፋሁበትን ቤት ንጹሕ አድርጌ ልየው" አለች።

"አጠፋታለሁ፣ ቀላል ነው" አለች ሐረግ። እንደ ዋዛም "አባትሽ ለፍተውበታል አሉ፣ ነፍስ ይማር" ብላ ጨመረች።

ከጂዳ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ከሄድኩ ስድስት ዓመቴ ነው፣ በስድስት ዓመት አንድ ቃል አላናገረኝም። ሳልነግረው ነው የሄድኩት፣ ሳይመርቀኝ። እነ ረመዳን ስልኩን ሲሰጡት 'የለሁም በሏት' ይላል፤ ድምፁ እየተሰማኝ። ቤቱን ይጠብቅልኝ ስል እሺ ማለቱን ስሰማ ልቤ ተነስቶ ነበር። አሁንስ ይደውላል አልኩ። አንድ ቀን አልደወለም። እንደተቀየመኝ ነው የሞተው። ቤት ሠርቼ ምን ይጠቅመኛል፣ ሳልመረቅ የምኖርበት?"

ሐረግ ጉድፏን አጠፋልሻለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ጉድፏ ከየት እንደጀመረች ለማወቅ ፊልሙን ፎቶ በፎቶ መግለጥ ነበረባት። በዚያው ብልጭ የሚለውንም አገኘችው። ሽማግሌው ናቸው። ቀን ቀን ከግንበኞቹ መሃል ብቅ ጥልቅ ይላሉ፣ እሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው የጠዋቱ ነው። ማንም ሠራተኛ ሳይመጣ፣ ከዕለቱ የመጀመሪያ ፎቶዎች በአንዱ ላይ፣ ብቻቸውን አሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጊቢው ጫፍ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዞረዋል። ከዚያ ከመሠረቱ ማዶ ናቸው፣ ከዚያ ከመሠረቱ ወዲህ፣ ከዚያ አሸዋው ክምር አጠገብ። አንዳንድ ጠዋት ይቀራሉ፤ በሚመጡበት ቀን ግን ካለፈው አንድ እርምጃ ቀርበው ነው የሚገኙት። ወደ ኋላ የተመለሱበት አንድም ቀን የለም። ጥር ላይ አፋቸው ተከፍቷል። የካቲት ላይ ይስቃሉ፣ አጠገባቸው ማንም የለም።

ሐረግ ወንበሯን ዞር አድርጋ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። አንዲት ሴት ፓስፖርት ፎቶ ልትነሳ በሩን ስትከፍት ጮኸች፣ ሴትየዋም አብራ ጮኸች። ከዚያን ቀን በኋላ ነው ሐረግ ፈሪ ናት መባል የተጀመረው።

በማግስቱ ረመዳን ሥራው የት ደረሰ ብሎ ሲመጣ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ነበር። ቢስሚላህ አለና ፊቱ አመድ መሰለ።

"ይታያል እንዴ?" አላት።

"ምኑ?"

በሩን ዘጋ አድርጎ ቁጭ አለ። "ግንበኞቹ ቀድመው እየመጡ አይተውታል። ጠዋት ጠዋት ብቻውን ያወራል፣ ከግድግዳ ጋር። ይጠይቃል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ይስቃል። አንዱማ የሴት ድምፅ ሲመልስለት ሰማሁ ብሎ ሥራውን ጥሎ ሄደ። ጅን ነው ተባለ። ሰው አምጥተን ቁርኣን አስቀራንለት፣ አልተወም። አብዶ ነው የሞተው ብዬ ለኢልሀም እንዴት ልንገራት? አሁን ደግሞ ያ ሁሉ ሰው በተጠራበት በቴሌቪዥን..." አንገቱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ አባባን አውጪልን።"

ሐረግ በሥራ ዘመኗ የሌለ ሰው አስገቢ ስትባል ኖራለች፣ የነበረ ሰው አውጪ ስትባል ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አላላትም። ግን ሰውየው እያለቀሰ ነው፣ እሷም ብትሆን እነዚያን ዓይኖች ሁለተኛ ማየት አትፈልግም። እሺ አለች።

ሁለት ቀን ፈጀባት። የጠዋት ፎቶዎቻቸውን አንድ በአንድ እየለቀመች "የሚወጡ" ብላ የሰየመችው ፎልደር ውስጥ ከተተቻቸው፤ መቶ አሥራ ስምንት ሆኑ። ከመሃል ፎቶ ሲወጣ ደግሞ ቁጥሩ ይጎድላል፣ ቁጥር ከጎደለ ፕሮግራሙ ሌላ ጣጣ እንዳያመጣባት ፈራች። ስለዚህ የባህሩን ስም ቀያሪ እንደገና አስነሳች። ፕሮግራሟ ታዛዥ ናት፣ አለቅጥ ታዛዥ፤ የቀሩትን ብቻ ሳይሆን "የሚወጡ" ውስጥ ያሉትንም ከ00001 ጀምራ ቆጠረቻቸው። ሐረግ ይህን አላየችም። ከቀትር በኋላ ነበር፣ ጉሙ ተመልሶ ወርዷል፣ መብራቱ ሳይሄድ ልጨርስ ብላ ትቸኩላለች። 00001ን መረጠች፣ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገች፣ ማጫወቻውን ተጫነች። የመረጠችው ግን ከተሳሳተው ፎልደር ነበር።

ሽማግሌው መጡ።

ከጊቢው ጫፍ ዞር አሉና ወደ እሷ መራመድ ጀመሩ። መቶ አሥራ ስምንት ጠዋት ተያይዞ አንድ ጉዞ ሆኗል። ጋቢያቸው ይቀያየራል፣ ከዘራቸው ከቀኝ ወደ ግራ እጅ ይዘላል፣ ከኋላቸው ግድግዳው ያድጋል፣ እሳቸው ግን ሳያቋርጡ ይመጣሉ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ይናገራሉ፤ ድምፅ የለውም እንጂ መናገሩን ይናገራሉ። ፊታቸው ስክሪኑን ሞላው፣ ሁለት መዳፋቸው ከግራና ከቀኝ ተነስቶ ተዘረጋ፣ ከንፈራቸው ተሰበሰበ። ከዚያ ጨለመ። ሁሉም አምስት ሰከንድ አልሞላም።

ሐረግ ተነስታ በሩ ጋ ደርሳለች። እጇ መዝጊያው ላይ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ "አጅባር! አጅባር!" እያለ ይጣራል፣ ሰው ይጋፋል፣ ዓለም እንዳለ ነው። ብትወጣ ማንም አይይዛትም ነበር። ያቆማት ያ የተሰበሰበ ከንፈር ነው። የምታውቀው ከንፈር ነው።

ተመልሳ ተቀመጠችና ቀስ አድርጋ አጫወተችው፣ ደግማ፣ ደጋግማ። መዳፋቸው የተዘረጋው ሊይዛት አይደለም። የተሰበሰበውም ከንፈር የቁጣ አይደለም። የመጨረሻዋን ፎቶ ከዋናው ፊልም ላይ ቀጥላ ከምትመጣው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ያቺ ጉድፍ የጀመረችው እዚያች ላይ ነው። ከእሷ በፊት አንድም ፎቶ ላይ የለችም፣ ከእሷ በኋላ ያልነበረችበት ፎቶ የለም።

ሐረግ ወደ ቤይሩት ልትሄድ ስትል አያቷ ግንባሯን ይዘው መርቀዋት ነበር። ምርቃቱ ሲያበቃ እንደ ሽማግሌ ወግ እትፍ እትፍ አሉባት። አውቶቡስ ውስጥ ጓደኞቿ ያዩኛል ብላ አፍራ፣ ገና ከበሩ ሳትርቅ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። አያቷ መጥረጓን አይተዋል። ስትመለስ በሕይወት አልነበሩም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

"ሰውየው ስልኩን እትፍ እትፍ ብለው መርቀው ነው የሞቱት" አለች ጮክ ብላ፣ ለኮምፒውተሩ።

ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። በማግስቱ ማለዳ ለረመዳን ደውላ ጊቢውን አስከፈተችው። ምን እንደፈለገች አልነገረችውም። የቆርቆሮ ሳጥኑ ከጎረቤት ግድግዳ ላይ ወርዷል፤ የሚስማሩ ቀዳዳዎችና ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ሽቦ ያለፈባት አንዲት አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ቀርተዋል። ጉሙ አዲሱን ቤት ከጣሪያው እስከ መስኮቱ ውጦታል። ሐረግ በመጨረሻው ፎቶ ሽማግሌው በቆሙበት ቦታ ቆመች። ፊቷ ከግድግዳው አንድ ክንድ አይርቅም።

"ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?" አለች በለሆሳስ፣ ለራሷ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደራችሁ?" አለ ግድግዳው።

ሐረግ ወደ ኋላ ዘለለች። ረመዳን ከኋላዋ አዑዙ ቢላህ እያለ ወደ አጥሩ አፈገፈገ። ግድግዳው ግን የሚተው አልሆነም፤ "ማነው? ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው" አለ። ቀጥሎ የበር መቀርቀሪያ ተንቋቋ፣ ሸርተት የሚል ጫማ በቤቱ ጎን ዞረ፣ እና ሻርፕ የተከናነበች የሃምሳ ዓመት ሴት ብቅ አለች። ዘይነባ ትባላለች፣ የግድግዳው ባለቤት ናት። ስልኩ ከእሷ ቤት ነበር መብራት የሚወስደው።

"እትዬ ዘይነባ፣ የረመዳንን አባት ጋሽ ጀብሪልን ያውቋቸው ነበር?" አለች ሐረግ ትንፋሿ ሲመለስ።

"ጋሽ ጀብሪልማ የኔ ሰው ነበሩ" አለች ዘይነባ። "ሁልጊዜ ማለዳ በዚች በሽቦዋ ቀዳዳ በኩል 'ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?' ይሉኛል። እኔም ከውስጥ ሆኜ 'አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት አደሩ?' እላለሁ። ጆሯቸውም ደከም ያለ ነው መሰል፣ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የሚጣሩት። ስመልስላቸው ጊዜ እየቀረቡ መጡ።"

"ምን ይሉዎት ነበር?"

"የቤቱን ነገር ነዋ። 'ዛሬ በር ሊተክሉልሽ ነው፣ መስኮቱን ወደ ፀሐይ መውጫ አስደርጌልሻለሁ' ይሉኛል። ለልጃቸው ቤት እኔን የሚያማክሩኝ ምን ሆነው ነው እላለሁ፣ ብቻ ሽማግሌ አይደሉ፣ እሺ እላለሁ። አንድ ቀን 'ድምጥሽ ተለወጠብኝ' አሉኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበርና 'ጉንፋን ነው' አልኳቸው። 'እዚያም ብርድ አለ እንዴ?' ብለው ሳቁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።"

ረመዳን ከአጥሩ ሥር ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጓል። "በዚች ቀዳዳ ታይሃለች አልኩት" አለ። "እኔ ነኝ ያልኩት።"

ዘይነባ አላየችውም፣ ወሬዋ ላይ ነበረች። "የመጨረሻው ቀንማ አስደነገጡኝ። ድምጣቸው ደክሟል፣ በዚያው ነው የታመሙት፣ ሦስት ቀን አልቆዩም። 'ልጄ፣ ሳልመርቅሽ ነው የሄድሽው። ይቅር ብዬሻለሁ፣ አንቺም ይቅር በይኝ' አሉ። እኔ የት ሄጄ አውቃለሁ? ምን በድያቸው ነው አልኩ። ብቻ ሲመርቁ ዝም አይባልም፣ ያለ አሚን ምርቃት ምን ይሆናል? 'የልፋትሽን አታጪ፣ በቤትሽ ሰላም እደሪ' አሉ፣ አሚን አልኩ። ብዙ መረቁ። በየምርቃቱ አሚን አልኩ።"

"ጅን ነው ሲባል ሰምተው ለምን አልነገሩንም?" አለ ረመዳን።

"ማን ጠየቀኝ?" አለች ዘይነባ ቅር ብሏት። "ደግሞስ ጅኑ እኔ መሆኔን በምን ልወቅ?"

ሐረግ የዚያን ዕለት ሌላ ደንበኛ አልተቀበለችም። መቶ አሥራ ስምንቱን ፎቶዎች ወደየቦታቸው መለሰች፣ ቁጥራቸውን እንደገና አስተካከለች። ረመዳን አጠገቧ ተቀምጦ አንዱንም አትተዪ፣ አንዱንም እያለ ይቆጥርላት ነበር። ያቺን የአምስት ሰከንድ ጉዞ ብቻዋን አወጣቻትና ቀስ እንድትል አድርጋ ለኢልሀም ላከችላት። ከሥሯ ዘይነባ ያለችውን ሁሉ፣ ጉንፋኑን ሳይቀር፣ በድምፅ ነገረቻት። የድምፅ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ጀምራ አቋረጠችው፤ እያለቀሰች ስለነበር ቃሉ አልወጣ ብሏት ነው።

ኢልሀም የደወለችው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። የጂዳ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፣ ከዚያ የአፍንጫ ድምፅ።

"ሐረግ።"

"ወዬ።"

"ሴትዮዋ አሚን ብላለች አልሽኝ?"

"ብላለች። በየምርቃቱ።"

"እኔም ብያለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ" አለች ኢልሀም። ከዚያ ድንገት ድንጋጤ ድምጿ ውስጥ ገባ። "ያቺን ጉድፍ... አጥፊልኝ ብዬሽ ነበር።"

"ብለሽኝ ነበር።"

"አጠፋሻት?"

ሐረግ ስክሪኑን ተመለከተች። ቤቱ ቆርቆሮውን ለብሶ ቆሟል፣ ጉድፏም በስተግራ በቦታዋ አለች።

"አልነካኋትም" አለቻት።

ሐምሌ አሥራ ስምንት ቪዲዮው ታየ። ሽማግሌው በየሁለት ሰከንዱ ብልጭ እያሉ መጡ፣ ከዚያ ቀሩ፣ ጉድፏ በቦታቸው ተተካች። ከተጠሩት አንዱ፣ ለሰው የሚያስብ ደግ ሰው፣ ቴሌቪዥኑ ቆሽሿል ብሎ የጋቢውን ጫፍ ጠቅልሎ ሊጠርግ ተነሳ። ረመዳን ብድግ ብሎ እጁን ያዘው።